የዳታቤዝ ይለፍ ቃል በራሱ ሲቀየር የሚመጣ ጣጣ፦ ችግርና መፍትሄ

ስልክ የሚደወልልኝ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል ነው፦ «ማንም ምንም የነካው ነገር የለም፤ ዛሬ ጠዋት ግን ሲስተሙ ዳታቤዙ ውስጥ አልገባ አለ።» እውነታቸውን ነው፤ የነካ ሰው የለም። የነካው ሲክሬትስ ማኔጀር ነው፤ የይለፍ ቃሎችን በምስጢር የሚያስቀምጥና በቀጠሮ የሚቀይር የአማዞን አገልግሎት። ከወራት በፊት አንድ ሰው «የይለፍ ቃሉን በየ30 ቀኑ ቀይር» ብሎ አዝዞት ሄዷል፣ እሱም የታዘዘውን ፈጽሟል።

ይህ ጽሑፍ ቅያሬውን አስጀምረው ችግር ለገጠማቸው ነው። ዳታቤዙ መነሣቱን፣ የአገልግሎት ክፍያው መከፈሉን፣ የተጠቃሚው ስም በትክክል መጻፉን አይታችኋል ብዬ እነሣለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ላስታውስ። ቅያሬውን የሚሠራው ላምዳ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ሲሆን ሥራው አራት ደረጃ አለው፤ አዲስ የይለፍ ቃል ይፈጥራል፣ ዳታቤዙ ላይ ይተክላል፣ ገብቶ ይሞክራል፣ ከዚያ ያጸድቃል። አዲሱ ቃል እስኪጸድቅ ድረስ «ፔንዲንግ» የሚል ምልክት ይይዛል። ሲጸድቅ «ከረንት» ይሆናል፤ የቀድሞው ደግሞ «ፕሪቪየስ» ተብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከዚህ በታች ስለምንመለስባቸው እነዚህን ሦስት ምልክቶች ያዙ።

ሪስታርት ሲደረግ ይድናል፣ ከወር በኋላ ያገረሻል

ከሚደርሱኝ ጥሪዎች አብዛኞቹ ይህ ናቸው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ እቆያለሁ።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ሲክሬትስ ማኔጀር ቅያሬው ተሳክቷል ይላል። የላምዳው ሎግ (የሥራ መዝገቡ) ንጹሕ ነው። ሲስተሙም ከቅያሬው በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ያለ እንከን ይሠራል። ከዚያ ግማሹ ሠራተኛ ሲሠራ ግማሹ «መግባት አልተፈቀደም» የሚል መልእክት ይመጣበታል። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ከሆነ ስሕተቱ 1045፣ ፖስትግሬስ ከሆነ 28ፒ01 ነው። አንድ ሰው ሰርቨሩን ሪስታርት ያደርጋል፣ ሁሉም ይስተካከላል፣ ጉዳዩም ይረሳል። በ30ኛው ቀን እንደ ወባ ይነሣል።

ምክንያቱ የይለፍ ቃል የሚጠየቀው ግንኙነት ሲከፈት ብቻ መሆኑ ነው። አፕሊኬሽኑ ጠዋት ሲነሣ አሥር ግንኙነቶች ከፍቶ ያስቀምጣል፤ በእነዚያ እየተመላለሰ ይሠራል። ሌሊት የይለፍ ቃሉ ቢቀየርም የተከፈቱት በር ውስጥ ናቸውና የሚነካቸው የለም። ችግሩ የሚመጣው አዲስ ግንኙነት ሲያስፈልግ ነው፤ አፕሊኬሽኑ ሲነሣ ያነበበውን አሮጌ ቃል ይዞ ያንኳኳል፣ ዳታቤዙም አላውቅህም ይለዋል።

በቅያሬውና በውድቀቱ መካከል ያለው ርቀት እንደ አሠራራችሁ ይለያያል፤ ሰውን የሚያሳስተውም ይህ ነው። በጃቫ የተለመደው፣ የተከፈቱ ግንኙነቶችን የሚያስተዳድረው ሂካሪ ሲፒ አንድን ግንኙነት በነባሪ ቅንብሩ 30 ደቂቃ ካቆየ በኋላ ጥሎ ሌላ ይከፍታል፤ ስለዚህ ሲስተሙ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይወድቃል። እንዲህ ያለ የዕድሜ ገደብ የሌለው ሲስተም ግን ማይኤስኪውኤል ሥራ የፈታውን ግንኙነት ራሱ እስኪቆርጠው ይቆያል፤ ይህም በነባሪ ቅንብሩ 28,800 ሰከንድ ወይም ስምንት ሰዓታት ነው። ሌሊት የተቀየረ ቃል ረፋድ ላይ የሚያስጮኸው ለዚህ ነው።

አንድ መድኃኒት አከፋፋይ ዘንድ የሆነውን ላንሣ። እዚያ ችግሩ የሚታየው ሽያጭ ሲበዛ ብቻ ነበር። የተከፈቱት ግንኙነቶች ሲሞሉ ሲስተሙ ተጨማሪ ለመክፈት ይሞክርና ይወድቃል። ሠራተኞቹ ታዲያ «መሥመር ላይ ያለው ኮምፒውተር ይሠራል፣ በሩ አጠገብ ያለው አይሠራም» ብለው ደመደሙ። ኬብል ተቀየረ፣ አዲስ ስዊች ተገዛ። ስዊቹ በተገጠመ ዕለት ሰርቨሩም አብሮ ጠፍቶ ስለበራ ችግሩ ጠፋ፤ ስዊቹም ተመሰገነ። እኔ የተጠራሁት በሚቀጥለው ወር ነው። የቅያሬውን ታሪክና ሪስታርት የተደረገባቸውን ቀኖች ጎን ለጎን ጻፍኳቸው፤ አንድም ቀን አልዛነፉም።

ሌላ ቦታ ደግሞ ባለሙያው የሪስታርት ትዕዛዙን ስልኩ ላይ አዘጋጅቶ፣ ተደውሎለት ከተኛበት አልጋ ላይ ሆኖ ይጫነዋል። ስድስት ወር እንዲህ ኖሯል። ለምን ምክንያቱን እንዳልፈለገ ስጠይቀው «እየሠራ ነው እኮ» አለኝ። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል?

መፍትሄው ሦስት ነገሮች አሉት፤ ሦስቱም ቢሟሉ ይመረጣል።

አንደኛ፣ አፕሊኬሽኑ የይለፍ ቃሉን አንድ ጊዜ አንብቦ ለዘለዓለም እንዳይይዝ አድርጉ። የመግባት ስሕተት ሲመጣ ከሲክሬትስ ማኔጀር እንደገና ያንብብ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ ይሞክር። አንድ ጊዜ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ማቆሚያ የሌለው ሙከራ የጻፈ ሰው ዳታቤዙን በራሱ አፕሊኬሽን ሲያስጠቃ አይቻለሁ። አማዞን ያዘጋጀውን፣ ያነበበውን ቃል ለጊዜው ይዞ የሚያቆየውን የማስታወሻ ላይብረሪ የምትጠቀሙም ብትሆኑ በነባሪው የሚያድሰው በየአንድ ሰዓቱ መሆኑን አትርሱ፤ ያቺ አንድ ሰዓት ክፍት ናት።

በኮንቴይነር (አፕሊኬሽኑ ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ተጠቅልሎ በሚነሣበት ጥቅል) የምትሠሩ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ የይለፍ ቃሉን በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሙ ሲነሣ በሚሰጠው ቅንብር) በኩል ካስገባችሁት የሚነበበው ኮንቴይነሩ ሲነሣ ብቻ ነው። በኋላ ሲክሬትስ ማኔጀር ውስጥ ሺህ ጊዜ ቢቀየር ኮንቴይነሩ አያውቅም። ወይ ኮዱ ራሱ ያንብብ፣ ወይ ከቅያሬው በኋላ ኮንቴይነሮቹ ተራ በተራ እንዲታደሱ ይታዘዝ።

ሁለተኛ፣ ሁለት ተጠቃሚ የሚያፈራርቀውን ስልት ምረጡ። በአንድ ተጠቃሚ ስልት አዲሱ ቃል በተተከለባት ቅጽበት አሮጌው ይሞታል። በሁለት ተጠቃሚ ስልት ግን ላምዳው የመጀመሪያውን ተጠቃሚ አምሳያ ይፈጥርና በየተራ ይቀይራቸዋል፤ አሮጌው እስከሚቀጥለው ቅያሬ ድረስ ያስገባል። ለዚህ የዳታቤዙ ዋና አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ሲክሬትስ ማኔጀር ውስጥ ራሱን በቻለ ሌላ ምስጢርነት መቀመጥ አለበት። ማስጠንቀቂያ፦ አምሳያው ከተፈጠረ በኋላ ለአንደኛው ተጠቃሚ ፈቃድ ብትጨምሩ ለሁለተኛው በራሱ አይተላለፍም። አንድ ወር የሚሠራ፣ በሚቀጥለው ወር የማይሠራ ሪፖርት ካያችሁ እዚህ ፈልጉ።

ሦስተኛ፣ ሞክሩት። ቅያሬውን ሥራ በማይበዛበት ቀን በእጃችሁ አስጀምሩና ቡና አስፈሉ። አቦል ላይ ሁሉም ደኅና ይመስላል፤ ስለዚህ በረካ እስኪደርስ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የተከፈቱትን ግንኙነቶች ከዳታቤዙ በኩል ቁረጧቸውና ሲስተሙ በራሱ መነሣቱን ተመልከቱ። ቅያሬው «ተሳክቷል» ስላለ ብቻ ተነሥቶ የሄደ ሰው ሥራውን አልጨረሰም።

ቅያሬው ራሱ ሲከሽፍ

እዚህ ጥፋተኛው በአብዛኛው ኔትወርክ ነው፤ ሎጉን ማንበብ ለሚችል ሰው አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ላምዳው አዲስ ቃል ፈጠርኩ የሚለውን መሥመር እንኳን ሳይጽፍ ጊዜው አልቆ ከቆመ ሲክሬትስ ማኔጀርን ራሱን አላገኘውም ማለት ነው። በግል ኔትወርክ ውስጥ የተቀመጠ ላምዳ ወደ ውጭ የሚወስደው በር ካልተሠራለት ኢንተርኔት የለውም። ለሲክሬትስ ማኔጀር የግል መግቢያ አብጁለት፤ የግል ዲኤንኤሱ መብራቱን አረጋግጡ፤ መግቢያው ፖርት 443ን ከላምዳው መቀበሉንም እንዲሁ።

የመጀመሪያው ደረጃ አልፎ ሁለተኛው ላይ «በየትኛውም የይለፍ ቃል መግባት አልቻልኩም» ካለ ግን ተጠንቀቁ። ከአማዞን ተዘጋጅቶ በሚገኘው ላምዳ ውስጥ ይህ መልእክት ቃሉ ሲሳሳትም፣ ወደ ዳታቤዙ የሚወስደው መንገድ ሲዘጋም ያው አንዱ ነው። ለሦስት ቀናት የይለፍ ቃል ሲያርሙ የከረሙ ሰዎች አውቃለሁ፤ የተዘጋው ፖርት 3306 ነበር። መለያው ፍጥነቱ ነው። መልሱ ወዲያው ከመጣ ዳታቤዙ ተገኝቶ ቃሉን ጥሎታል፤ እየቆየ፣ በየሙከራው ሰከንዶች እየቆጠረ ከመጣ መንገዱ ዝግ ነው። የዳታቤዙ ሴኪዩሪቲ ግሩፕ (ከማን ግንኙነት እንደሚቀበል የሚወስነው ደንብ) ላምዳው ካለበት ግሩፕ ብቻ እንዲቀበል ክፈቱለት፤ ለማይኤስኪውኤል 3306፣ ለፖስትግሬስ 5432።

«ብቻ» ያልኩትን አስምሩበት። ቅያሬው እንዲሠራ ብሎ ዳታቤዙን ለዓለም ሁሉ የከፈተ ሰው ገጥሞኛል። ቤቱን ከሌባ ለመጠበቅ ቁልፍ ሊያስቀይር ሄዶ በሩን ነቅሎ መጣል ነው።

ፔንዲንግ ላይ ተንጠልጥሎ ሲቀር

«ያለፈው ቅያሬ አልተጠናቀቀም» የሚል መልእክት ካያችሁ መንሥኤውን አስተካክላችሁ እንደገና አስጀምሩት፤ ብዙውን ጊዜ ከቆመበት ይቀጥላል። የፔንዲንግን ምልክት ለማንሣት አትቸኩሉ። ሁለተኛው ደረጃ አልፎ ከሆነ ዳታቤዙ የሚያውቀው ያንን ፔንዲንግ ያለውን ቃል ነው። ምልክቱን ስታነሡት ብቸኛውን ትክክለኛ ቁልፍ ጣላችሁት። አስቀድማችሁ በሁለቱም ቃላት በእጃችሁ ለመግባት ሞክሩ፤ ዳታቤዙ የተቀበለው ከረንቱን ከሆነ ብቻ ፔንዲንጉን አንሡ። ጥላችሁት ከሆነ በዋናው አስተዳዳሪ ገብቶ የይለፍ ቃሉን እንደ አዲስ ከመትከል ሌላ መንገድ የለም።

ሌሊት 8 ሰዓት ያልነው ረፋድ ላይ ሲመጣ

ይህ የእኛው ብቻ በሽታ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይቀየር» ይላል፤ ባለሙያው በሰዓት ቦታው 8 ይጽፋል። ሲክሬትስ ማኔጀር የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ስለሆነ ያ ማለት በእኛ ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ ወረፋው በሚረዝምበት ጊዜ ነው። መጻፍ የነበረበት 23 ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ በእኛ የቀን ሰዓት ላይ 3 ደምሩ፤ በሌሊት ሰዓት ላይ 15 ደምሩና 24 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 24 ቀንሱ።

ሰዓት ሳትጠቅሱ «በየ30 ቀኑ» ብቻ ካላችሁ ደግሞ የቅያሬው መስኮት ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ቀጣዩ ሌሊት 9 ሰዓት ሙሉ ቀን ክፍት ነው፤ በፈለገው ሰዓት ይመጣል። ሰዓቱንም የመስኮቱንም ርዝመት ራሳችሁ ወስኑ።

ቅያሬን መጀመሪያ ስታበሩ «ወዲያውኑ ቀይር» የሚለው ምርጫ አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ይመጣል። ሳያነብ የሚጫን ሰው በሥራ ሰዓት ያበራውና ያኔውኑ ሲስተሙን ይጥለዋል።

አንድ ወር ደኅና፣ አንድ ወር ብልሽት

የይለፍ ቃሉ በዩአርኤል (በአንድ መሥመር በሚጻፍ የዳታቤዝ አድራሻ) ውስጥ ተሰክቶ የሚነበብ ከሆነ እንደ ጥያቄ ምልክት፣ ፐርሰንት ወይም መሰላል (#) ያለ ምልክት ሲወጣ ዩአርኤሉ ይሰበራል። የሚፈጠረው ቃል ዕጣ ስለሆነ አንዳንዱ ወር ያልፋል። ምልክቶቹን ከሚፈጠረው ቃል ማስወጣት ወይም ቃሉን በዩአርኤል ደንብ መቀየር ይበቃል።

አልፎ አልፎ የማያቸው

ላምዳው የምስጢሩን ማመስጠሪያ ቁልፍ ለመጠቀም ፈቃድ ሲያጣ፤ በምስጢሩ ጄሰን ውስጥ የዳታቤዙን ዓይነት የሚናገረው መስክ ሲጎድል፤ አሮጌ ላምዳ የአዲሱን ፖስትግሬስ የስክራም ማረጋገጫ ሳያውቀው ሲቀር፤ «የማያስፈልግ ፋይል አጸዳሁ» ባይ ላምዳውን ራሱን ሲሰርዘው።

ማንም ያላስታወሰው ስክሪፕት

ቅያሬ ከማስጀመራችሁ በፊት ያንን የይለፍ ቃል ማን ማን እንደሚጠቀም እወቁ። በዳታቤዙ ላይ ያሉትን ግንኙነቶች አድራሻ ለአንድ ሳምንት መዝግቡ፤ አማዞን ላይ ማን ምን እንዳደረገ በሚመዘግበው ክላውድትሬይል ደግሞ ምስጢሩን የሚያነቡትን አውጡ። ዳታቤዙ ውስጥ እየገባ ክላውድትሬይል ላይ የማይታይ ካለ ቃሉን የሆነ ፋይል ውስጥ ጽፎ አስቀምጦታል።

ይህን ያስተማረኝ አንድ የትራንስፖርት ድርጅት ነው። ቅያሬው ሠርቷል፣ አፕሊኬሽኑም ደኅና ነው። ከአራት ወር በኋላ አንድ ሠንጠረዥ በስሕተት ተሰረዘና ባክአፕ ይምጣ ተባለ። ፎልደሩን ከፈትን፤ በየሌሊቱ የተጠራቀሙ፣ ቀን የተጻፈባቸው ፋይሎች ተደርድረዋል። የባክአፕ ስክሪፕቱ ከአራት ወር በፊት የነበረውን የይለፍ ቃል ይዞ፣ በየሌሊቱ እየተከለከለ፣ ባዶውን ውጤት ጨምቆ ሲያስቀምጥ ከርሟል። የመጀመሪያውን ፋይል መጠን አየን፤ 20 ባይት። ወደ ታች ወረድን፤ 20፣ 20፣ 20። በጂዚፕ የተጨመቀ ፋይል ውስጡ ምንም ሳይኖር የሚመዝነው ያንኑ ያህል ነው።