ከበር የወጣው «ካይ»፦ ቻይንኛ ተናጋሪዎች «ኦፕን» በሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እንግሊዝኛ የሚማር ቻይንኛ ተናጋሪ ገና በመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች «ኦፕን» ከሚለው ግስ ጋር ይተዋወቃል፤ በመዝገበ ቃላቱም «ካይ» የሚል ፍች ተሰጥቶት ያገኘዋል። ፍቹ እንከን የለበትም፤ በር፣ መስኮት፣ ሱቅና የባንክ ሂሳብ በሁለቱም ቋንቋዎች ይከፈታሉ። ስህተቱ የሚጀምረው ተማሪው ነገሩን ገልብጦ «ካይ» በሚባልበት ስፍራ ሁሉ «ኦፕን» ይሠራል ብሎ ሲያምን ነው። የ«ካይ» ጥንታዊ የጽሕፈት ምልክት ሁለት ተከፋች ያለውን በርና መቀርቀሪያውን የሚያነሡ ሁለት እጆችን ያሳይ ነበር፤ በዋናው ቻይና በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው የጽሕፈት ማቅለል ግን በሩ ቀርቶ እጆቹና መቀርቀሪያው ብቻ ተረፉ። የትርጉሙ ጉዞም ይህንኑ ይመስላል፤ «ካይ» በሩን ትቶ ወጥቶ መብራት ያበራል፣ መኪና ይነዳል፣ ስብሰባ ያካሂዳል። «ኦፕን» በአመዛኙ ከበሩ አልራቀም።

በብዛት የሚሰማው ስህተት በኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ የሚፈጸመው ነው። በቻይንኛ መብራት ማብራት «ካይ ደንግ» ስለሚባል ተማሪው «ኦፕን ዘ ላይት» ይላል፤ ለማጥፋትም መዝጋትን በሚያመለክተው «ጓን» በሚለው ቃል መሠረት «ክሎዝ ዘ ላይት» ይላል። እንግሊዝኛ ለእነዚህ «ተርን ኦን» እና «ተርን ኦፍ» የሚሉ ግሶች አሉት። እኛ መብራትን ስለምናበራ በዚህ ስህተት ፈገግ እንል ይሆናል፤ ነገር ግን ሬዲዮና ቴሌቪዥን «ክፈት» የምንል ሰዎች በመሆናችን «ኦፕን ዘ ራዲዮ» የሚለው ስህተት ከእኛም አፍ የራቀ አይደለም። ኮምፒውተር ላይ ሲደረስ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። «ኦፕን ዘ ኮምፒውተር» የተባለ ሰው ብሎን መፍቻ ፈልጎ ሽፋኑን ሊያነሣ ይችላል፤ መሣሪያው ከበራ በኋላ ግን በውስጡ ያለው ፋይል በእንግሊዝኛም «ኦፕን» ነው የሚደረገው። ስለዚህ «ኮምፒውተር ላይ ኦፕን አይባልም» ብሎ በጅምላ የሚያርም መምህር አንዱን ስህተት ነቅሎ ሌላውን ይተክላል። በፊሊፒንስ የዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ «ኦፕን ዘ ላይት» የተለመደ አነጋገር መሆኑም ሊታወቅ ይገባል፤ እዚያ ሰው አያስቅም፤ ለፈተና ወይም ለሥራ ደብዳቤ ግን አይመከርም።

ተሽከርካሪን በተመለከተ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም። «ካይ ቸ» መኪና መንዳት ነው፤ በእንግሊዝኛ መኪና «ድራይቭ»፣ አውሮፕላን ደግሞ «ፍላይ» የሚል ግስ ይወስዳል። ለሹፌርነት የሚወዳደር ሰው «አይ ካን ኦፕን ኤኒ ካር» ቢል ቀጣሪው የሚሰማው ማንኛውንም መኪና መንዳት እንደሚችል ሳይሆን የማንንም መኪና በር ማስለቀቅ እንደሚችል ነው።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ስህተት ስህተት የማይመስለው ነው። «ካይ ኹዌይ» ማለት ስብሰባ ማካሄድ፣ ስብሰባ ላይ መሆንም ነው። አንድ ጸሐፊ በስልክ ለጠየቃት ሰው አለቃዋ ስብሰባ ላይ መሆናቸውን ለመግለጽ ከቻይንኛው ገልብጣ «ሂ ኢዝ ኦፕኒንግ ኤ ሚቲንግ» ብትል፣ ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ የሚነቀፍበት ነገር የለም፤ ሰሚው ግን አለቃው ስብሰባውን በንግግር እየከፈቱ እንደሆነና ይህም በጥቂት ደቂቃ እንደሚያልቅ ይረዳል። ጸሐፊዋ ልትል የፈለገችው «ሂ ኢዝ ኢን ኤ ሚቲንግ» ነበር። «ኦፕን ዘ ላይት» ወዲያውኑ ስለሚያስገርም ይታረማል፤ ይህኛው ግን ማንንም ስለማያስገርም ዓመታት ሳይታረም ይቆያል። በእኔ ግምት መምህራን ከመብራቱ ይልቅ በዚህ ላይ ጊዜ ቢያጠፉ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጡት «ካይ» ከሌላ ቃል ጋር ተጣምሮ የሚፈጥራቸው ሐረጎች ናቸው፤ እነዚህ በቃል በቃል ትርጉም አይተላለፉም። የፈላ ውሃ «ካይ ሹዌይ» ይባላል፤ «ኦፕን ዋተር» ግን በእንግሊዝኛ የተንጣለለ ባሕር ወይም ሐይቅ ነው እንጂ ለሻይ የሚሆን ውሃ አይደለም። «ካይ ሺን» ቃል በቃል ልብ መክፈት ሲሆን ትርጉሙ መደሰት ነው፤ በእንግሊዝኛ ልብ ከ«ኦፕን» ጋር ሲጣመር ግልጽነትን ወይም የልብ ቀዶ ሕክምናን ያመለክታል። ቀልድም በቻይንኛ ይከፈታል፤ በእንግሊዝኛ ይሠራል፤ በአማርኛ ይቀለዳል። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ፣ ነጋዴም ደረሰኝ ሲሰጥ ቻይንኛ ያንኑ «ካይ» ይጠቀማል። ደረሰኝን ቻይናዊ የሚከፍተው፣ እኛ የምንቆርጠው፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ደግሞ የሚጽፈው ወይም የሚሰጠው መሆኑን ያስተዋለ ሰው ግስን ከስሙ ነጥሎ ማጥናት ለምን እንደማይበጅ ይገባዋል።

አንድ ስህተት ደግሞ ከትርጉም ሳይሆን ከቅርጽ ይመነጫል። ተማሪው «ሱቁ ክፍት ነው» ለማለት «ዘ ሾፕ ኢዝ ኦፕንድ» ይላል። የቻይንኛ ግስ እንደ ጊዜው ቅርጹን ስለማይለውጥ «ኦፕን» እና «ኦፕንድ» የሚለያዩበት ምክንያት በቀላሉ አይታየውም፤ ዋናው አሳሳች ግን እንግሊዝኛው ራሱ ይመስለኛል። በሱቅ መስተዋት ላይ በሚንጠለጠለው ሰሌዳ አንደኛው ገጽ «ኦፕን» ሲል ሌላኛው «ክሎዝድ» ይላል፤ ተቃራኒዎቹ እኩል አልተሠሩም። ተማሪው ከ«ክሎዝድ» ተነሥቶ «ኦፕንድ» ቢል ያመዛዘነ እንጂ የሰነፈ አይደለም። መፍትሔው «ኦፕን» ራሱ ቅጽል መሆኑን ማስታወስ ነው፤ «ኦፕንድ» የሚያገለግለው ድርጊቱ ሲነገር፣ ለምሳሌ ሱቁ ትናንት በሁለት ሰዓት ተከፈተ ሲባል ነው። አማርኛ ተናጋሪው «ክፍት»ን ከ«ተከፈተ»፣ «ዝግ»ንም ከ«ተዘጋ» ስለሚለይ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው።

በአጻጻፍ በኩል «ኦፕኒንግ» ሲጻፍ የእንግሊዝኛው «ኤን» ፊደል አይደገምም፤ ድምፁ ጎላ ብሎ የሚነገረው በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ነውና። በ«ቢጊኒንግ» ግን ጉላቱ በግሱ ሁለተኛ ክፍለ ቃል ላይ ስለሚወድቅ ፊደሉ ይደገማል። በአነጋገር ደግሞ የማንዳሪን (የመደበኛው ቻይንኛ) ክፍለ ቃል ከ«ን» ወይም ከ«ንግ» በቀር በሌላ ተነባቢ እምብዛም ስለማይዘጋ የ«ኦፕንድ» መጨረሻ የሆነው «ድ» ይዋጥና ያለፈው ጊዜ ከአሁኑ ጋር ይመሳሰላል። ይህን ለማረም ቃሉን ለብቻው ደጋግሞ ከመጥራት ይልቅ በአናባቢ ከሚጀምር ቃል ጋር አያይዞ፣ ለምሳሌ «ኦፕንድ ኢት» የሚለውን «ኦፕን-ዲት» ብሎ መለማመድ ይቀላል፤ «ድ» ወደሚቀጥለው ክፍለ ቃል መጀመሪያ ሲሻገር፣ በዚያ ቦታ ላይ ለቻይንኛ ተናጋሪ አንደበት ባዕድ አይደለም።