በልግ ሲቀር ጄት ስትሪምን ስንከስ የምንሳሳታቸው ነገሮች

መጋቢት አጋማሽ ላይ ወሎ፣ ለጋምቦ አጎቴ ቤት ነበርኩ። የዘር ገብሱን ከጎተራ አውርዶ በጆንያ በሩ ላይ አቁሞታል። ማሳው ከታረሰ ቆይቷል። ሰማዩ ግን ጥርት ብሏል፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ከደሴ የመጣው ልጁ ስልኩን እያየ፣ «አባዬ፣ ጄት ስትሪሙ እኮ ወደ ሰሜን ሄዷል። በቃ፣ በልግ የለም» አለው።

«እሱ ደግሞ የማን አውሮፕላን ነው?» አለ አጎቴ።

ሳቅን። ከሁለቱ የባሰ የተሳሳተው ግን ልጁ ነው። ለማንኛውም ከአጎቴ ልጀምር።

ጄትን ከአውሮፕላን ጋር ማያያዝ

የውሃ ጎማ ጫፉን በጣት ጨበጥ ሲያደርጉት ውሃው ተስፈንጥሮ ይወጣል አይደል? ስሙ የመጣው ከእንዲህ ያለው ነገር ነው። ጄት ስትሪም ከ9 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚከንፍ ጠባብ የነፋስ ወንዝ ነው። አንዳንዴ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። የሚያስሮጠው በሞቃቱ የምድር ወገብና በቀዝቃዛው ዋልታ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ነው። የአውሮፓን ዝናብ የሚያመጡት ማዕበሎችም እሱን ተከትለው ይጓዛሉ።

«ታዲያ እኛን ምን አገባን?» ማለት

ደሴ ያለችው በ11 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ነው። ይህ ነፋስ የሚያዘወትረው ከ30 ዲግሪ ወዲያ ስለሆነ፣ የፈረንጅ ጉዳይ ቢመስል አይገርምም። ግን ወንዙ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ይጠማዘዛል። በበልግ ወራት አንዱ ጥምዝ ከሜዲትራኒያን ተነስቶ ወደ ቀይ ባሕር ዝቅ ሲል፣ ላይ ላዩን ቀዝቃዛ አየር ይዞ ይመጣል። ከታች ደግሞ ከዓረብ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት ይገባል። እርጥቡ አየር የወሎን ገደል ሽቅብ ሲወጣ፣ ከላይ ያለው ቅዝቃዜ ይበልጥ ከፍ እንዲል ያግዘዋል። ደመና ይቋጠራል፣ የአጎቴ ገብስም ይበቅላል። ጥምዙ ካልመጣ እርጥበቱ ብቻውን ብዙ አይሠራም።

በልግና ክረምትን በአንድ ድስት መቀቀል

የክረምቱ ሌላ ነው። ያኔ በላያችን የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ ከምሥራቅ፣ ከሕንድ በኩል የሚመጣ ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምቱን ያደከመው ኤልኒኞ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው በላይ መሞቅ ነበር።

«ወደ ሰሜን ሄዷል» ብሎ መደምደም

የልጁ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ጄት ስትሪም በሌሊት ነቅለው የሚያሻግሩት የድንበር ድንጋይ አይደለም። የሚጓተተው ገመድ ሁለት ጫፍ አለው። ምድር ስትሞቅ በወገብ አካባቢ ያለው የላይኛው አየር ክፉኛ ይሞቃልና ነፋሱን ወደ ዋልታ ይገፋዋል። በሌላ በኩል ግን ከ1979 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ የአርክቲክ፣ ማለትም የሰሜን ዋልታ አካባቢ፣ ሙቀት ከዓለም አማካይ ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ጨምሯል። ይህ ደግሞ ከታች ያለውን የሙቀት ልዩነት ስለሚያጠብ መልሶ ወደ ወገብ ይጎትተዋል። በደቡብ ንፍቀ ክበብ የማዕበሎቹ መንገድ ወደ ዋልታው መጠጋቱ በግልጽ ታይቷል፤ የኦዞን መሳሳትም አግዞታል። በሰሜኑ ግን እንደ ወቅቱና እንደ ውቅያኖሱ ይለያያል።

ወደኛ ስንመጣ ይብስ ይወሳሰባል። በምሥራቅ አፍሪካ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዝናብ ካለፉት አሥርት ዓመታት ወዲህ ሲቀንስ ታይቷል። ብዙዎቹ የኮምፒውተር ሞዴሎች ደግሞ ወደፊት ይጨምራል ባይ ናቸው! እንግዲህ በዚህ ላይ ነው «በቃ፣ የለም» የሚባለው።

አንድ ዓመትን ማስረጃ ማድረግ

በልግ ድሮም ይከዳል። የሰባ ሰባትን ረሃብ እያነሱ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» የሚሉም አሉ። በልግም ክረምትም ከድቶ ነበር፣ እውነት ነው። ጦርነቱስ? ሰው እያለቀ ይደገስ የነበረው የአብዮት አሥረኛ ዓመት በዓልስ?

አጎቴ ይህን ሁሉ አዳምጦ፣ «እሺ፣ ልዝራ ወይስ ልመልሰው?» አለ። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እኔም ዝም አልኩ።

በማግስቱ አንዱን ጆንያ ማሳ ወሰደው። ሌላውን ወደ ጎተራው መልሶ ገለበጠው።