ዳክዬን የሚያንሳፍፈው እግሩ አይደለም
ባሕር ዳር፣ ጣና ላይ ሰው በጀልባ ሳመላልስ ዓመታት ተቆጠሩ። ጓሮዬም ዳክዬ ጠፍቶ አያውቅም። ስለ ውኃ ወፍ የምሰማውና የማየው ስህተት ግን ሁልጊዜ ያው ነው።

መጀመሪያ እግሩን እንተወው። እግሩ መቅዘፊያ ነው። ጣቶቹን ያያያዘው ቆዳ ወደ ኋላ ሲገፋ ይዘረጋል፣ ወደ ፊት ሲመለስ ይሰበሰባል። ወፉን ውኃው ላይ የሚያስቀምጠው በላባው መሀል የተያዘው አየር ነው። ሆዱና ደረቱ ውስጥ ያሉት የአየር ከረጢቶችም ያግዙታል። ታንኳን አስቡ፤ የተሠራበት ደንገል የሚንሳፈፈው ውስጡ አየር ስላለ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። እባካችሁ ዳክዬ በሳሙና አትጠቡ! አንዲት ጎረቤቴ እንግዳ ሊመጣባቸው ነጯን ዳክዬ በልብስ ሳሙና ፈትገው አጠቧት። ከዚያ ወደ ሐይቁ ለቀቋት። ስደርስ ጀርባዋ ድረስ ሰምጣ፣ አንገቷን ብቻ አውጥታ ትንፈራገጣለች። አውጥቼ ስይዛት እንደ ራሰ ጨርቅ ከብዳለች፣ ትንቀጠቀጣለች። «እትዬ፣ ምን አድርገዋት ነው?» ብላቸው «ታምር ብዬ እኮ ነው ልጄ» አሉኝ። ክፋት የለባቸውም፤ አላወቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላባው ላይ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ቀጫጭን ክሮች በጣም ጥቃቅን በሆኑ መንጠቆዎች እርስ በርስ ይያያዛሉ። ውኃ የማያስገባው ይህ ሽመና ነው። ዳክዬዋ ምንቃሯን ከጅራቷ ሥር ካለችው የቅባት እጢ ታሽና ላባዋን አንድ በአንድ ትስባለች። ሽመናውን የምትጠብቀው እንዲህ ነው። ሳሙና ቅባቱን ያጥበዋል። ዳር ላይ የወደቀ ላባ አንሡና ውኃ ጠብ አድርጉበት፤ ጠብታው እንደ ዶቃ ይንከባለላል። በሳሙና አሽታችሁ ድገሙት፤ ይጠጣዋል። ያቺን ዳክዬ ቤት ውስጥ በሙቀትና በደረቅ ቦታ አቆየናት። ላባዋን ራሷ እስክታበጅ ድረስ ቀናት ፈጀባት።

ሌላው እኔም የሠራሁት ነው። ዶሮ ታቅፋ የፈለፈለቻቸውን የዳክዬ ጫጩቶች «ዋና በደማቸው ነው» ብዬ ወዲያው ሳፋ ውስጥ ከተትኳቸው። ሁለቱ ሞቱብኝ። እስካሁን ይቆጨኛል። እናት ዳክዬ ብትኖር ሲበርዳቸው አውጥታ ክንፏ ሥር ትሸጉጣቸዋለች። እናት የሌላቸውን እውነተኛ ላባ እስኪያወጡ ጠብቁ። እስከዚያው ለመጠጥ ጠባብ ዕቃ ይበቃል።

ድንጋይ ላይ ክንፉን ዘርግቶ የቆመ ኮርሞራንት፣ ያ ጠልቆ ዓሣ የሚያጠምደው ወፍ፣ አልታመመም፣ እየደረቀ ነው። የላባው ዳር ዳር ውኃ ያስገባል፤ አየሩ ስለሚቀንስለትም እንደልቡ ይጠልቃል። ሲወጣ ግን ፀሐይ ይፈልጋል። ዓሣ አጥማጆቻችንም ታንኳቸውን ዳር አውጥተው ያደርቁ የለ? ስለዚህ ፎቶ ለማንሳት ብላችሁ ጀልባ አስጠግታችሁ አታባርሩት። ሳይደርቅ ተመልሶ ይገባል።

የጣናው ነጭ ፔሊካን፣ ያ ምንቃሩ ሥር ከረጢት ያለው ትልቅ ወፍ፣ ዘሎ እስኪጠልቅ ካሜራ ደቅናችሁ አትጠብቁ። ከ10 ኪሎ በላይ ሊመዝን ቢችልም በአየር የተሞላ ስለሆነ መስጠም አይሆንለትም። ዓይናችሁን ምንቃሩ ላይ አድርጉ፤ ብዙ ሆነው ዓሣውን ይከቡና ሁሉም አንዴ አንገታቸውን ነክረው ይጨልፋሉ።