ኮሮላችሁ ስታጨስ፣ ስትሞቅ፣ ስትንኳኳ፦ «ሞተሩ ይውረድ» ከመባሉ በፊት

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። በእጃችን ያለችው አሮጌ ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ልታገለግለን ነው ማለት ነው። የእኔ በፈረንጆች 2004 የወጣች፣ መካኒኮች «ዋን ዚዚ» የሚሉት ባለ 1.8 ሊትር ሞተር ያላት ናት። የምጽፈውም ስለ እሷና ስለ እኩዮቿ ነው።

ዋጋ በብር አልጠራም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዛሬ የሰማሁት ዋጋ ለነገ አይሆንም። «ቀላል» ስል ከአንድ ዘይት ቅያሪ የማይበልጥ ወጪ ነው። «ከባድ» ስል ሞተር ወይም ካምቢዮ የሚወርድበት ነው።

ዳገት ላይ ትሞቃለች

ይህን ከራሴ ልጀምር። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን እየወጣሁ ነበር። ሁልጊዜ ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ብላ የምትቆመው መርፌ ቀስ እያለች ሽቅብ ወጣች። ጥግ ይዤ አጠፋሁና ኮፈኑን ከፈትኩ። ከራዲያተሩ ክዳን ሥር ውሃው ቲስ ቲስ እያለ ይወጣል። አዲስ አበባ ስመለስ ሁለት ጋራዥ «ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሄዷል» አሉኝ። ሦስተኛው መካኒክ ግን ቴርሞስታቱን ፈልጎ አጣው። ከእኔ በፊት የሆነ ሰው «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶት ኖሯል።

ያስፈልጋል እንጂ! የዚህ ሞተር ቴርሞስታት ሁለት ሥራ አለው። 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፤ በዚያው ሞተሩ ውስጥ የሚዞረውን አቋራጭ ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ግማሹ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳል። ከተማ ውስጥ ላይታወቅ ይችላል፣ ረጅም ዳገት ላይ ግን ጉዱ ይወጣል። ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ቶሎ ስለማይሞቅ ቤንዚን ትበላለች።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የራዲያተሩ ክዳን ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከፍታው ነው ምክንያቱ። ክዳኑ ግፊት ይዞ መፍያውን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ግፊት አይይዝም፣ ውሃውም ያለጊዜው ይፈላል። ላዩ ላይ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር አይታችሁ እኩያውን ግዙ። ክዳንም ቴርሞስታትም ቀላል ናቸው። ቬንትሌተሩም መዞሩን እዩ። ሞተሩ ትኩስ እያለ ግን ክዳኑን እንዳትነኩ፣ ፊት ያቃጥላል።

ቴስታታ ነው የምትሉት መቼ ነው? የዘይት ክዳኑ ውስጥ ብቻ ሳይሆን የዘይት መለኪያው ላይም የማኪያቶ አረፋ የመሰለ ነገር ስታዩ። ወይም ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ ስታስነሱ፣ ውሃው ሳያቋርጥ አረፋ ሲደፍቅ። ያ ከባድ ነው። ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማተሚያ) ራሱ ሳይሆን የእጅና የቶርኖ ቤት (ቴስታታው ተላጭቶ የሚስተካከልበት) ክፍያው ነው የሚበዛው። ቶርኖ ቤት ሳይሄድ ቴስታታውን መልሶ የሚገጥም ሰው ካገኛችሁ አታሠሩት፤ የጎበጠ ከሆነ አዲሱንም ጓርኒሲዮን ይበላዋል።

ዘይት ትጨርሳለች

መጀመሪያ መሬቱን እዩ። ይህ ሞተር የታወቀ ማፍሰሻ አለው፦ በሁለት ዳዶ የታሰረው የሰንሰለት መወጠሪያ። ሥሩ ያለችው ክብ ጎማ ትደርቅና ዘይት ሞተሩን በጎን ታለብሰዋለች። ጎማዋ ከቀላልም ቀላል ናት። እንዲያም ሆኖ በእሷ ሰበብ ሞተር ያስወረደ ሰው አውቃለሁ። ሞተሩን አሳጥቡ፣ ሁለት ቀን ንዱና ከየት እንደሚረጥብ እዩ።

መሬቱ ደረቅ ሆኖ ዘይቱ ከጎደለ እየተቃጠለ ነው። ሰማያዊውን ጭስ መቼ እንደምታዩት ልብ በሉ። ጠዋት ስትነሳ ብቻ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ዘይት የሚያግደው የቫልቭ ጎሚኒ ነው፣ መካከለኛ ወጪ። ነዳጅ ስትረግጡ የሚከተላችሁ ከሆነ ፋሻ (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) ነው። የመጀመሪያዎቹ ዋን ዚዚዎች ፒስተን ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለነበሩ በካርቦን ይደፈናሉ፤ ቶዮታ በኋላ ፒስተኑን አሻሽሎታል። ፋሻ ለመቀየር ሞተሩ ስለሚወርድ ከባድ ነው። ከመወሰናችሁ በፊት ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹን ግፊት) አስለኩ፣ ቁጥሩንም ራሳችሁ አይታችሁ ጻፉት። በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ከሆነ የሚጎድለው፣ እኔ ብሆን እየሞላሁ እነዳለሁ። ዘይቱን በየሳምንቱ ማየት ግን ግዴታ ነው። ሞተሩ የሚይዘው 3.7 ሊትር ብቻ ስለሆነ አንድ ሊትር ሲጎድል ብዙ ነው።

ጉልበት አነሳት፣ ትንቀጠቀጣለች

አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ማንኛውም ቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ይህ ብልሽት አይደለም። ናዝሬት ወርዳችሁ ሻል ካለላት ጤነኛ ናት። መንቀጥቀጡ ግን ሌላ ነው። ቤንዚኑን የሚለኩሰው እያንዳንዱ ካንዴላ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው የራሱ ኮይል አለው። ጋራዥ ኮድ የሚያነቡበት ኮምፒውተር «ፒ 0301» ካለ ቁጥር አንድ ሲሊንደር አልተኮሰም ማለት ነው። የአንደኛውንና የሁለተኛውን ኮይል አቀያይሩ። ኮዱ ወደ «ፒ 0302» ከዞረ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው፣ አንድ ብቻ ግዙ። አራቱንም ቀይሩ የሚላችሁን አትስሙ። ካልዞረ ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩት።

ኮብልስቶን ላይ ትንኳኳለች

አብዛኛውን ጊዜ የስታቢላይዘር ሊንክ ነው። ጎማው ጀርባ እጃችሁን አስገብታችሁ ዘንጓን ጨብጡና ነቅንቁ፤ ቀቅ ካለች አገኛችኋት። ቀላል ናት፣ ሁለቱንም ጎን ቀይሩ። መሪ ሙሉ ዞሮ ስትነዱ ቀቀቀቅ የሚል ከሆነ ግን የሴሚያሱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ጫፍ ነው። የጎማ ሽፋኑ ተቀዶ ግራሶው ቸርኬ ላይ ተረጭቶ ታገኙታላችሁ። ገና ሳይጮህ ከደረሳችሁበት ሽፋኑን ብቻ መቀየር ይበቃል።

ፍሪሲዮን

ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ አራተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ዲስኩ አልቋል። ካምቢዮ ስለሚወርድ ዲስኩን፣ ፕሌቱንና ኩሽኔታውን አንድ ላይ ቀይሩ፤ የሞተሩን የኋላ የዘይት ማተሚያ ጎማም በዚያው። መለዋወጫ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ዲስክ ይዛችሁ ሂዱና ጥርሱን ቆጥራችሁ፣ ስፋቱን አስተያይታችሁ ግዙ።