ግድግዳ እያዩ መቀመጥ፦ ዜን ስንጀምር የምንሠራቸው ስህተቶች

ዛዜን (ዜን የሚባለው የቡድሂዝም ዘርፍ ተከታዮች ቁጭ ብለው የሚያሰላስሉበት ልምምድ) ስጀምር መጀመሪያ የሄድኩት ጣና ዳር ነው። ሐይቅ አለ፣ ዛፍ አለ፣ ነፋሻ ነው። ምን ጎደለ?

የመጀመሪያው ስህተቴ ይኸው ነበር። ወፍ ሲያርፍ አያለሁ፣ ታንኳ ሲያልፍ አያለሁ፣ የዘጌ ጀልባ ሞተር ሲነሳ እሰማለሁ። ሃያ ደቂቃ እንደ ቱሪስት ተቀምጬ ተነሳሁ። ሶቶ የሚባለው የዜን ቅርንጫፍ ሰዎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ የሚያዞሩት ወደው አይደለም አልኩና ቤት ገባሁ። ጎረቤቴ የሆኑ እናት በበሩ አይተውኝ «ምነው ልጄ፣ ማን ቀጣህ?» አሉኝ።

ዓይን መጨፈንም አያዋጣም። በባሕር ዳር የከሰዓት ሙቀት የጨፈነ ሰው ይተኛል። ዓይናችሁን ገርበብ አድርጋችሁ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ወለሉ ላይ ጣሉት።

ትልቁ ጥፋት ግን እግር ላይ ነው። ፎቶ ላይ የምናየው፣ ሁለቱም እግሮች ጭን ላይ የወጡበት አቀማመጥ ለብዙዎቻችን አይሆንም። እግር መዞር ያለበት ከዳሌ ነው። ዳሌ እምቢ ሲል ጉልበት ይጠመዘዛል። እኔ ሁለት ሳምንት ታግዬ ደረጃ ስወርድ አነክስ ነበር። አንዱን እግር ብቻ ጭን ላይ ማውጣት ይቻላል። ሁለቱንም መሬት ላይ ፊትና ኋላ ማሳረፍ ይቻላል። ወንበርም ነውር የለውም። ቁም ነገሩ መሬት ላይ ስትቀመጡ መቀመጫችሁ ከጉልበታችሁ ከፍ ማለቱና ሁለቱም ጉልበቶች መሬት መንካታቸው ነው። ያኔ እንደ በርጩማ በሦስት እግር ቆማችሁ ማለት ነው። ጃፓኖች ለዚህ «ዛፉ» ብለው የሚጠሩት ክብ ትራስ አላቸው። እኔ ጋቢዬን እጥፍጥፍ አድርጌ ጠርዙ ላይ እቀመጣለሁ። ጠርዙ ላይ ነው ያልኩት፤ ወደ መሃል ከገባችሁ ጭናችሁ ይደነዝዛል።

ወገብ ቀጥ ይበል ሲባል ደረት መንፋት አይደለም። ግራና ቀኝ ትንሽ ተወዛወዙና መሃል ላይ ቁሙ። ግራ እጅ ቀኝ እጅ ላይ ይረፍ፣ አውራ ጣቶች ጫፍ ለጫፍ ይነካኩ። ጣቶቹ ከወደቁ እያንቀላፋችሁ ነው። ከተገፋፉ ደግሞ ተወጥራችኋል።

ሐሳብ ይጠፋል ብላችሁ አትጠብቁ። የቤት ኪራዩም የትናንቱ ጭቅጭቅም ይመጣል። ትንፋሽ ስታወጡ ከአንድ እስከ አስር ቁጠሩ፤ ከጠፋባችሁ እንደገና ከአንድ። እኔ ስንቴ አስር እንደደረስኩ አትጠይቁኝ።

ስትጨርሱም ብድግ አትበሉ። የደነዘዘ እግር ይጥላል።

የመጨረሻው ስህተት ከጋቢው ሲነሱ ነገሩ ያለቀ መምሰሉ ነው። ጠዋት ተቀምጬ ረፋድ ላይ ከባጃጅ ሹፌር ጋር ስጯጯህ ራሴን ያገኘሁበት ቀን አለ። ዜን ገዳም ውስጥ መጥረግና ማብሰልም ልምምድ ነው። ሶቶን ወደ ጃፓን ያመጣው ዶገን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1237 ለገዳም ወጥ ቤት ኃላፊ ብቻ የሚሆን መመሪያ ጽፏል። ሩዙ ሲታጠብ አሸዋ እንዳይቀርበት፣ አንዲት ፍሬም እንዳትባክን ይላል።

ይህን ካነበብኩ ወዲህ እኛ ቤት ምስር መልቀም የእኔ ሥራ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት ግን ወንድሜ ወጡ ውስጥ ጠጠር ነከሰ። ስልክ እያወራሁ ነበር የለቀምኩት።