ማልታን ለማየት ስትነሱ ትንሽነቷ እንዳይሸውዳችሁ

ማልታ ሜዲትራንያን ባሕር መሃል፣ ከሲሲሊ በስተደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች አገር ናት። ደሴቶቿ ሁሉ ተደምረው 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ናቸው። ዋናዋ ደሴት ከጫፍ እስከ ጫፍ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ «ሁለት ቀን ይበቃታል» ይላል። አይበቃትም። መንገዷ ጠባብ፣ መኪናዋ ብዙ ነው። ካርታ ላይ ጎን ለጎን የሚመስሉ ሁለት ቦታዎች መካከል አውቶቡስ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ልትቀመጡ ትችላላችሁ። ደግሞ ከምታዩት ሁሉ የሚበልጠው ቦታ በቀን የሚያስገባው 80 ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ «ደርሼ አስብበታለሁ» የሚባል ነገር እዚህ አያዋጣም። እኔ ቢያንስ ስድስት ቀን ስጧት እላለሁ፤ አራቱን ለዋናዋ ደሴት፣ ሁለቱን ጎዞ ለምትባለው ሁለተኛዋ ደሴት።

ከቪዛ እንጀምር፤ ቀኑን የሚወስነው እሱ ነው። ማልታ በ2004 የአውሮፓ ኅብረት፣ በ2007 መጨረሻ ደግሞ የሼንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚዘዋወሩባቸው የአውሮፓ አገሮች ቀጣና፣ አባል ሆናለች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶችና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ማስገባት ይቻላል፤ እናንተም ቀደም በሉ። ምክንያቱም የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በ2024 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ለሌላው 15 ቀን የሆነውን መደበኛ የመልስ ጊዜ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትንም አግዷል። ይህ ማለት የሚሰጣችሁ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ነው ብላችሁ አቅዱ። ሮም ገብታችሁ፣ ሁለት ቀን አድራችሁ፣ ከዚያ ወደ ማልታ ብትበሩ ችግር የለውም፤ ሁሉም ሼንገን ውስጥ ነው። ከማልታ ወጥታችሁ ቱኒስን አይቼ ልመለስ ካላችሁ ግን ቪዛው እዚያው አለቀ። ሌላም አለ፦ ሁለት አገር የምታዩ ከሆነ የምታመለክቱት ብዙ ቀን ለምትቆዩበት አገር ነው። ማልታ ስድስት፣ ጣሊያን ሁለት ቀን ከሆነ ማመልከቻው የማልታ ነው።

ወቅቱን በተመለከተ የኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ወይም መስከረም አጋማሽና ጥቅምት (የፈረንጆቹን ወራት ማለቴ ነው)። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ይዘላል፣ ጥላ የለም፣ ድንጋዩ ሙቀቱን መልሶ ፊታችሁ ላይ ይተፋዋል። ዋና ከተማዋ ቫሌታ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ዳገትና ደረጃ ስትወጡ ስትወርዱ ይሄ ቀላል አይደለም። መዋኘት የምትወዱ ከሆነ መስከረምን ያዙ፤ ባሕሩ የበጋውን ሙቀት ገና አልለቀቀም፣ ሕዝቡ ግን ቀለል ይላል። ክረምቱ (ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው) ቀዝቃዛ አይባልም፣ ግን ዝናብና ነፋስ አለው፤ ነፋሱ ደግሞ ጀልባ ያስቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቀኑ እንደተቆረጠ መጀመሪያ የሚያዘው ሆቴል አይደለም፤ የሃል ሳፍሊየኒ ሃይፖጂየም ትኬት ነው። ይህ ፓኦላ በምትባል ከተማ፣ በመኖሪያ ቤቶች መሃል፣ ከመሬት በታች ያለ የመቃብር ስፍራ ነው። በ1902 ሠራተኞች የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ነው የተገኘው። ሰዎች ከ5,000 ዓመት በፊት፣ ብረት በማያውቁበት ዘመን፣ አለቱን በድንጋይና በቀንድ እየፈለፈሉ ሦስት ፎቅ ወደ ታች ወርደዋል። ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው እንደተቀበረበት ይገመታል። ጣራው ላይ በቀይ አፈር የተሳለ ጥምዝምዝ ጌጥ እስካሁን ይታያል። የሰው ትንፋሽ ሥዕሉን ስለሚጎዳ በአንድ ዙር አሥር ሰው ብቻ ይገባል። ፎቶ አይፈቀድም፤ ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅም አይገባም። ትኬቱ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በፊት ያልቃል። ቪዛው ሳይመጣ ልግዛ ወይስ ልጠብቅ የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው። እኔ ቪዛው ቀደም ብሎ እንዲያልቅ አድርጉና በዚያው ቀን ትኬቱን ግዙ እላለሁ። ካልተገኘ ደግሞ እዚያው ሰፈር በእግር የሚደረሱት የታርሺን ቤተ መቅደሶች አሉ። ከሃይፖጂየሙ የወጣችው የተኛች ሴት ትንሽ የሸክላ ምስልም ቫሌታ በሚገኘው ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ውስጥ አለች። መዳፍ ላይ የምታርፍ ናት፤ ዳሌዋ ሰፊ፣ ክንዷን ተንተርሳ በጎኗ የተኛች። ሳታዩዋት እንዳትወጡ። የመንግሥት ቅርሶችን በአንድ ላይ የሚያሳይ የጋራ ትኬት አለ፣ ብዙ ቦታ ለሚያይ ያዋጣል፤ ሃይፖጂየምን ግን አይጨምርም።

ማደሪያ። ሆቴል በየቀኑ አትቀያይሩ። ዋናዋ ደሴት ላይ አንድ ቦታ ያዙና ሁሉንም ከዚያ እየተነሳችሁ እዩ። ቫሌታ ውስጥ ማደር ደስ ይላል፤ አውቶቡሱ ሁሉ የሚነሳው ከከተማዋ በር ውጭ፣ ከትሪቶን ፏፏቴ አጠገብ ነው። ዋጋው ከበዛባችሁ በወደቡ ማዶ ያሉትን ሦስቱን ከተሞች ተመልከቱ፤ በተለይ ቢርጉን። ስሊማና ሴንት ጁሊያንስ ሆቴልና ምግብ ቤት ሞልቶባቸዋል፤ ግን የግንባታና የመኪና ድምፅም እንዲሁ። ከስሊማ ወደ ቫሌታ በመንገድ ከመሄድ ጀልባው ይሻላል፣ አሥር ደቂቃ አይሞላም።

መኪና መከራየት? እኔ አልመክርም። የሚነዳው በግራ ነው፣ ማቆሚያ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አውቶቡሱ ይበቃል፤ ግን ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ፌርማታ ላይ ቆማችሁ ብቻ አትጠብቁ፣ ሲመጣ እጃችሁን ዘርጉ፣ አለዚያ ጥሏችሁ ይሄዳል። ከሞላም አይቆምም። በበጋ ከመነሻው ርቆ ያለ ፌርማታ ላይ የሚጠብቅ ሰው ሁለት ሦስት አውቶቡስ ሊያመልጠው ይችላል፤ ስለዚህ ከማልታ የተመለሰ ሰው ሁሉ አውቶቡስ ሲጠብቅ ስለጠፋበት ቀን ያወራል። መፍትሔው ጠዋት ማልዶ መውጣትና በአንድ ቀን አንድ አቅጣጫ ብቻ መያዝ ነው። ትኬቱ ለሁለት ሰዓት ያገለግላል፣ በመሃል መቀያየር ይቻላል። ብዙ ለሚንቀሳቀስ ደግሞ የሰባት ቀን ካርድ አለ።

የመጀመሪያውን ቀን ለቫሌታ ስጡ። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1566 ነው፤ የቅዱስ ዮሐንስ ባላባቶች (ያኔ ማልታን የሚገዛው የካቶሊክ ወታደራዊ ማኅበር) የቱርክን ታላቅ ከበባ ተቋቁመው ካለፉ ከአንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ስሟም የመሪያቸው የላ ቫሌት ነው። ጠዋት በሩ ሲከፈት የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ግቡ። ከውጭ ሲያዩት ተራ የድንጋይ ግንብ ነው፤ ውስጡ ግን ግድግዳው በወርቅ ቅብ ተሸፍኗል፣ ወለሉም የባላባቶቹ መቃብር የሆነ ባለ ቀለም እብነ በረድ ነው። ለዚህም ነው ቀጭን ተረከዝ ያለው ጫማ የማይፈቀደው። ትከሻችሁንም ሸፍኑ። እሑድ ለጎብኚ ዝግ ነው። ከጎኑ ባለው አዳራሽ የጣሊያናዊው ሠዓሊ የካራቫጆ ሥዕል አለ፣ በ1608 የተሣለው የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት መቆረጥ። ግድግዳውን ሞልቶታል። ቀረብ ብላችሁ የዮሐንስን አንገት ተመልከቱ። መሬቱ ላይ የፈሰሰው ደም ሲረዝም የሠዓሊው ስም ይሆናል። ካራቫጆ ከሥዕሎቹ ሁሉ ስሙን ያኖረበት ይህ ብቻ ነው። ሰው ፎቶ አንስቶ በሁለት ደቂቃ ይወጣል። እናንተ ቁጭ በሉ።

ከዚያ ወደ ላይኛው ባራካ መናፈሻ። ከሥሩ ያሉት መድፎች እኩለ ቀን ላይና ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ይተኮሳሉ፤ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቦታ ያዙ። መናፈሻው ዳር ያለው ሊፍት ወደ ባሕሩ ዳር ያወርዳችኋል። እዚያ ዳይሳ የሚባሉት ትንንሽ ጀልባዎች ወደ ቢርጉ ያሻግራሉ፤ ከሰዓቱን እዚያ አሳልፉት።

መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው ጎን ለጎን ላሉት ለምዲናና ለራባት ከተሞች አንድ ሙሉ ቀን ይስጥ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ና 28 ላይ የቅዱስ ጳውሎስ መርከብ የተሰበረባት ደሴት በማልታውያን እምነት ይህች ናት። እባቡ እጁ ላይ የተንጠለጠለው፣ የፑፕልዮስንም አባት የፈወሰው እዚህ ነው ይላሉ፤ በየዓመቱ የካቲት 10 በፈረንጆቹ ትልቅ በዓል አላቸው። ጳውሎስ ቆይቶበታል የሚባለው ዋሻ ያለው ራባት ነው፤ በቅርብ ርቀትም በስሙ የሚጠሩ ሰፋፊ የመሬት ውስጥ መቃብሮች አሉ። አስቀድማችሁ ሁለቱን ምዕራፎች አንብባችሁ ሂዱ፣ ቦታው ሌላ ይሆንላችኋል። ምዲናን ለማታ አቆዩዋት። ቀን ቀን በቡድን የሚመጣው ጎብኚ ያጨናንቃታል፤ ሲመሽ ግን ነዋሪዎቿ ከጥቂት መቶ ስለማይበልጡ የራሳችሁ ትሆናለች። በመንገድ ላይ ሞስታ ብትወርዱ ጥሩ ነው። ሚያዝያ 1942 ምእመናን ተሰብስበው ሳለ ቦምብ ጉልላቱን በስቶ ወድቆ ሳይፈነዳ የቀረበት ቤተ ክርስቲያን ነው።

ሦስተኛው ቀን የደቡቡ ነው። ሐጃር ኢምና ምናይድራ ባሕሩ ላይ በተንጠለጠለ ዳገት አጠገብ ለአጠገብ ያሉ፣ ከግብፅ ፒራሚዶች የሚቀድሙ የድንጋይ ቤተ መቅደሶች ናቸው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት የጠዋት ፀሐይ በምናይድራ ዋና በር ቀጥ ብላ ትገባለች። ከዚያ ሳይርቅ ሰማያዊው ዋሻ አለ። ጀልባዎቹ ባሕሩ ከተናወጠ አይወጡም፤ ጠዋት ሂዱ፣ የውኃውም ቀለም የሚያምረው ያኔ ነው። ቀኑ እሑድ ከሆነ ደግሞ ማርሳሽሎክ የዓሣ ገበያ አለ። ሉዙ የሚባሉት ጀልባዎች በሰማያዊ፣ በቢጫና በቀይ የተቀቡ ናቸው፤ አፍንጫቸው ላይ ግራና ቀኝ ዓይን አላቸው፣ ዓሣ አጥማጁን ይጠብቃል ተብሎ።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። ፓስቲዚ ከመንገድ ዳር ትኩሱን ግዙ፤ እንደ ቅጠል የተደራረበ ስስ ሊጥ ነው፣ ውስጡ አይብ ወይም አተር፣ ዋጋውም ርካሽ። የማልታ ታዋቂ ወጥ ከጥንቸል ነው የሚሠራው። ጥንቸል የማትበሉ ሜኑ ላይ ፌኔክ የሚለውን አይታችሁ እለፉ። የቧንቧው ውኃ አይጎዳም፣ ግን ብዙው ከባሕር የተጣራ ስለሆነ ጣዕሙ አይጥምም። ገንዘቡ ዩሮ ነው፣ እንግሊዝኛ ሁሉም ይናገራል፣ ሶኬቱ እንደ እንግሊዝ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው።

ጎዞ ላይ እደሩ። ደርሶ መልስ የሚያደርጓት ብዙ ናቸው፣ ግን የሚያዩት ወደብና አውቶቡስ ነው። መርከቡ ከቺርኬዋ ወደ ምጃር 25 ደቂቃ ይፈጃል፤ ስትሄዱ አትከፍሉም፣ ሒሳቡ የሚጠየቀው ስትመለሱ ነው። ከቫሌታ በቀጥታ የሚሄድ ፈጣን ጀልባም አለ። እዚያ ጂጋንቲያ የሚባሉትን ጥንታዊ የድንጋይ ቤተ መቅደሶች እዩ፣ የቪክቶሪያን ምሽግ በእግር ዙሩ። ድዌይራ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ግን በድሮ ፎቶ ተማርካችሁ አትሂዱ፤ ያ ዝነኛ የድንጋይ መስኮት (አዙር ዊንዶው) መጋቢት 8 ቀን 2017 በማዕበል ፈርሶ ባሕር ገብቷል። የቀረው ገደልና ክብ ሰማያዊ ጉድጓዱ ለብቻው ይበቃል፤ ጠላቂዎች እስካሁን የሚጎርፉለት ቦታ ነው። ኮሚኖ በምትባለው ትንሽ ደሴት ላይ ያለውን ሰማያዊ ሐይቅ ለማየት ከ2025 ጀምሮ በኢንተርኔት ቀድሞ ሰዓት መያዝ ግድ ሆኗል፤ በነጻ ነው፣ ግን ይሞላል። በበጋ ከሆነ የጠዋቱን ሰዓት ያዙ።

ጎዞን በመጨረሻ ላይ ካደረጋችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። አውሮፕላን ማረፊያው ያለው ዋናዋ ደሴት ላይ፣ ሉቃ ነው፤ ነፋስ ሲበረታ ደግሞ መርከቡ ይቆማል። ስለዚህ ከጎዞ የምትመለሱት ከበረራችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ ይሁን፤ የመጨረሻዋን ሌሊት ቫሌታ ወይም እዚያው አካባቢ እደሩ።