ትሉ ተበላ፣ አሳው የለም፦ በጅማ ዙሪያ በሕያው ትል ለሚያጠምዱ ችግርና መፍትሄ

አሳ እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚወቀሰው ቦታው ነው። ቀጥሎ አየሩ። ከዚያ አጠገብ ተቀምጦ የሚያወራው ጓደኛ። ትሉን የሚጠረጥር ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። እኔ ቦታ ከመቀየሬ በፊት መንጠቆውን አወጣና ትሉን አየዋለሁ። ከገረጣ፣ ካልተንቀሳቀሰ ወይም እንደ ክር ከተንጠለጠለ ጥፋቱ የአሳው አይደለም።

ይህ ጽሑፍ በጊልጌል ጊቤ ግድብ ሐይቅ፣ በቦዬ ረግረጋማ ቦታና በአካባቢው ወንዞች ዳር በመንጠቆ ለሚያጠምድ ሰው ነው። ፈረንጆች በረዶ በስተው በትል ሲያጠምዱ ዩቲዩብ ላይ አይተን የምንገረም አለን። በረዶው ይቅርብን። ከእነሱ የምንወስደው አንድ ሁለት ነገር ግን አለ፤ ቦታው ሲደርስ አነሳዋለሁ።

ትል አይገኝም

ክረምት ላይ ጅማ ውስጥ ትል መፈለግ ሥራ አይደለም። ዝናቡ አፈሩን ሲያጥለቀልቀው ራሱ ወጥቶ መንገድ ያቋርጣል። ችግሩ የሚመጣው ከኅዳር በኋላ ነው። ትል የሚተነፍሰው በቆዳው ነው፤ ቆዳው ከደረቀ ይሞታል። ስለዚህ የላይኛው አፈር ሲደርቅ እርጥበቱን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል።

ሜዳ ላይ በዶማ አትድከሙ። እንሰት ሥር፣ ሙዝ ሥር፣ የቦኖ ውሃ የሚፈስበት ጠርዝ ቆፍሩ። ያረጀ ፍግ የተከመረበት ቦታ ካለ ደግሞ ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልግም። ያረጀ ማለቴ ልብ ይባልልኝ። ትኩስ ፍግ ይሞቃል፤ አሞኒያውም ትሉን ያባርረዋል።

የሳሙና ውሃ መሬት ላይ አፍስሶ ትል የሚያስወጣ ሰው አይቼ አውቃለሁ። ትሉ ይወጣል። የሚወጣው ግን ቆዳው ተቃጥሎ ነው፤ ብዙም አይቆይም፣ ሽታውም አይለቀውም። ከአዌቱ ወንዝ ዳርና ከከተማው የፍሳሽ ቦዮች ጠርዝም ባትቆፍሩ ይሻላል። እዚያ ትል አይጠፋም፤ ነገር ግን እጃችሁ የሚገባበት ቆሻሻ ነው፣ በዚያው እጅ ደግሞ ዳቦ ትቆርሳላችሁ።

ማታ ሕያው የነበረው ትል ጠዋት ሞቶ ተገኘ

አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። የሞተው ትል አኳኋን ምክንያቱን ይናገራል።

ዕቃውን ስትከፍቱት የሚከረፋና የቀለጠ ነገር ከሆነ ሙቀትና መታፈን ነው የገደለው። ክዳኑ የተከደነ የለስላሳ ጠርሙስ ወይም የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ፀሐይ ላይ ከዋለ ትል አያተርፍም። ትሉ አብጦና ነጥቶ ታች በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ከተገኘ ውሃው በዝቶበታል። ከዕቃው ግድግዳ ላይ ደርቆ ከተጣበቀ ደግሞ ውሃ አንሶታል። አራተኛም አለ። ትሉ አልሞተም፤ ግን በሙሉ ክዳኑ ሥር ተሰብስቦ ለማምለጥ ይታገላል። ይህ ከሆነ የተኛበት ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ኮምጥጧል ወይም ሞቋል።

የጅማ ሰው ለዚህ አራተኛው ችግር ቅርብ ነው፤ ምክንያቱም የቡና ልጣጭ በእጁ ነው። ከእሸት ቡና መፈልፈያ የወጣ ትኩስ ልጣጭ ሲከመር ይቦካል፣ ይግላል። ክምሩ መሃል እጅ ቢገባ አያስችልም። ትል እዚያ ውስጥ ጨምሮ ማሳደር መቀቀል ነው። ያው ልጣጭ ለወራት ቆይቶ ጠቁሮ እንደ አፈር ሲፈረፈር ግን ለትል የሚመች ማደሪያ ይሆናል። የትል ኮምፖስት የሚያዘጋጁ ገበሬዎች የሚያረቡት ቀይ ትልም ይህን ይወዳል። ጎረቤታችሁ ካለው፣ እፍኝ ለምናችሁ ጀምሩ። ቀጭን ነው፣ ግን ይራባል፤ መንጠቆ ላይም ይወራጫል።

ዕቃው ላይ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። የቀለም ባልዲ በደንብ ታጥቦ ክዳኑ በጋለ ምስማር ይበሳ። ከዚያ ካርቶን ቀደዳችሁ፣ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጭመቁት። በጡጫ ስትጨምቁት ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልኩ ነው። በዚያ ላይ ትሉ ከተገኘበት ቦታ እፍኝ አፈር ጨምሩ። ከባልዲም የሚሻል ካላችሁ፣ አፉ የተሰበረ የሸክላ ማሰሮ ነው። ሸክላ ውሃ ያዣል፣ ያዣው ውሃ ሲተን ውስጡ ይቀዘቅዛል። ጥላ ሥር አስቀምጡት፤ አፉን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት።

ምግቡ ትንሽ የቡና አተላ፣ የጎመን ቅጠል፣ የሙዝ ልጣጭ ነው። ጨውና በርበሬ የነካውን የወጥ ትራፊ አትስጡት፤ ጨው ትል ይገድላል። ሎሚና ብርቱካንም ይቅር።

ለማጥመድ ከመሄዳችሁ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ የሚያስፈልጋችሁን ያህል ትል ለይታችሁ ምግብ ሳትሰጡ በእርጥብ ካርቶን ብቻ አቆዩት። ሆዱ ውስጥ ያለውን አፈር ያስወጣል፣ ቆዳው ይጠነክራል፣ ሲሰካም አይፈርጥም። መንገድ ላይ በኮባ ጠቅልሉት፤ ኮባ እርጥበት ይይዛል። ሚኒባስ ውስጥ ሞተሩ አጠገብ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ እንዳታስቀምጡት። በረዶ ላይ የሚያጠምዱት ችግራቸው የእኛ ተቃራኒ ነው። ትሉና የዝንብ ዕጩ ቀዝቅዞ እንዳይረጋባቸው ሳጥኑን ጃኬታቸው ውስጥ ይይዙታል።

ትሉ ይበላል፣ መንጠቆው ባዶ ይመጣል

ክሩ ነቅነቅ ነቅነቅ ይላል፣ ትስባላችሁ፣ ምንም የለም። ሌባው ብዙ ጊዜ ትናንሽ አሳ ወይም ትንሽ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው። ወንዝ ዳር ከሆናችሁ ሸርጣንም ሊሆን ይችላል፤ ሸርጣን ሲሆን ትሉ የተቆረጠ ይመስላል፣ ክሩም ቀስ እያለ ወደ ድንጋይ ይጎተታል። መፍትሄው ትሉን ከውሃው ሥር ካለው መሬት ከፍ ማድረግ ነው።

ቆሮሶ ከሆነ ጥፋቱ ሁለት ቦታ ነው። አንዱ መንጠቆው ነው። ቆሮሶ ትንሽ አፍ አለው፤ ዋና ምግቡም ውሃ ውስጥ የሚበቅል አልጌ ስለሆነ ትልን በጥንቃቄ ነው የሚለቅመው። ለአምባዛ የተገዛ ትልቅ መንጠቆ አፉ አይገባም። ስትገዙ ልብ በሉ፤ የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። ለቆሮሶ ከ8 እስከ 12 ያለው ይበቃል።

ሌላው አሰካኩ ነው። ትሉን መሃል ላይ አንዴ ወግታችሁ ሁለቱን ጫፍ ብታንጠለጥሉት አሳው ጫፍ ጫፉን እየነጨ ይጨርስላችኋል። ይልቅ ትሉን በጣታችሁ ያዙ። እጃችሁን አቧራ ብታስነኩት አይሙለጨለጭም። የመንጠቆውን ጫፍ በትሉ አንድ ጫፍ አስገቡና ካልሲ እንደሚለበስ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ግፉት። የመንጠቆው ጉልበት ሲሸፈን ቁረጡት፤ ከጫፉ አልፎ የሚወዛወዘው ከአንድ ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ሙሉ ትል የግድ አይደለም። ቁራጭ ትል ለቆሮሶ ግብዣ ነው፤ ከተቆረጠበት የሚወጣው ፈሳሽም ይጠራዋል።

ከዚያ ክሩ ላይ የሚንሳፈፈውን ቡሽ አሳንሱ። ትልቅ ቡሽ ካሰራችሁ አሳው ጎትቶ ይከብደዋል፣ ይተፋዋል። ቡሹ ጫፉ ብቻ እስኪታይ ድረስ ክሩ ላይ ትንሽ የእርሳስ ክብደት ጨምሩበት።

ምንም አይነካም

መጀመሪያ እጃችሁን አሽትቱ። ባጃጅ ቤንዚን ስትቀዱ ነበር? ሽቶ ቀብታችኋል? ሲጋራ ይዛችሁ ነበር? አምባዛ በአፉ ዙሪያ ባለው ጢሙ የሚቀምስ፣ በማሽተት የሚኖር አሳ ነው። እጃችሁን በሐይቁ ውሃና በዳር ጭቃ አሽታችሁ ታጠቡ፤ ከዚያ አዲስ ትል ስኩ።

ቀጥሎ ሰዓቱ። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። አሳ የራሱ ሙቀት የለውም። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሰውነቱም ይቀዘቅዛል፣ ምግብ ለመፍጨትም ጊዜ ይወስድበታል። ከ20 ዲግሪ በታች ቆሮሶ አፉን መሰብሰብ ይጀምራል። በረዶ ላይ የሚያጠምዱት ብልሃት እዚህ ይሠራል፤ የቀዘቀዘ አሳ ትልቅ ጉርሻ አይፈልግም፣ አያሯሩጥምም። ትንሽ መንጠቆ፣ ትንሽ ቁራጭ፣ ረጋ ያለ እጅ። ወይም ደግሞ አልጋችሁ ላይ ቆዩና ፀሐይ ዳሩን ካሞቀችው በኋላ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ኑ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ቆሮሶው ጥልቀት በሌለው ዳር ይታያል፣ ግን አይበላም? ወንዱ ጎጆውን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ሴቷ ደግሞ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ነው የምትይዘው፤ በዚያ ጊዜ አትበላም ማለት ይቻላል። ትል ብትለዋውጡም ለውጥ የለውም። ወደ ጥልቁ ውሃ ዞር በሉ። ድንገት አፏ እንቁላል የሞላ ሴት ብትያዝ ቶሎ መልሷት።

ውሃው ላይ "ጭብ" እያለ ብቅ የሚል አሳም ያታልላል። አምባዛ ከሆነ ብዙ ጊዜ የመጣው ለምግብ አይደለም። አየር ለመሳብ ነው፤ ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት አካል አለው። ትሉን ላይ ላዩን ብታንሳፍፉለት እምብዛም አይነካላችሁም፤ ምግቡን በብዛት የሚፈልገው ታች ነው።

ውሃው ቡና በወተት መስሏል

ክረምት ላይ ወደ ጊልጌል ጊቤ የሚገቡት ወንዞች አፈር ተሸክመው ይመጣሉ፤ ሐይቁም ይደፈርሳል። በዓይኑ የሚመገብ አሳ ያን ጊዜ ቀጭን ትል አያይም። ቆሮሶን ተውትና ወደ አምባዛ ዙሩ። መንጠቆው ተለቅ ይበል፤ ሦስት አራት ወፍራም ትል አንድ ላይ ጉብ እስኪል ድረስ ስኩ። ትሎቹ ይተሻሻሉ፣ ሽታቸው ይሰፋል። በእርሳስ ታች አሳርፉትና ጠብቁ። አምባዛ ሲመሽ ይነቃል። ብቻ ሲመሽ ጉማሬም ለግጦሽ ከውሃ ይወጣል። የጉማሬ መውጫ ጥርጊያ ላይ አትቀመጡ፤ ብቻችሁንም አትምሹ።

ትል ሰልችቷቸዋል፤ ሌላስ?

ከመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በኋላ አሸን ሲፈላ ትሉን ቤት ተዉት። አሳው ላይ ላዩን ይለቅማል። ክንፉን ነቅላችሁ ሁለት አሸን በትንሽ መንጠቆ ስኩ፤ እርሳስ አያስፈልግም። ፌንጣ ቢልጫ ለሚባለው አሳ ጥሩ ነው፤ አንገቱ ጀርባ ላይ ያለውን ጠንካራ ቦታ ብቻ ውጉ፣ ሆዱን ከወጋችሁት ቶሎ ይሞታል። የዝንብ ዕጭ ፉርሽካ ውስጥ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ካላቆያችሁት ዝንብ ሆኖ ይበርራል። ቤተሰብ ያለው ሰው ከጓዳው ያርቀው፤ ነገሩ ፀብ ያስነሳል።

ትንሽ አሳ በሕይወቱ መንጠቆ ላይ መስካት ለአምባዛ ይሠራል። የምትሰኩት ግን እዚያው ውሃ ውስጥ የተያዘ ይሁን። ከጊቤ በጀሪካን ይዞ ቦዬ መልቀቅ በሽታና እንግዳ አሳ ማዛወር ነው፤ አንዴ ከገባ ደግሞ አይወጣም።

አምባዛው ትሉን እስከ ሆዱ ውጦታል

ዘግይታችሁ ነው የሳባችሁት። ክሩ ወጠር ብሎ መሄድ ሲጀምር ወዲያው ሳቡ፤ እስኪሮጥ አትጠብቁ። የምትለቁት ትንሽ አሳ ከሆነ መንጠቆውን ከሆዱ ለማውጣት አትታገሉ፤ ክሩን አፉ አጠገብ ቆርጣችሁ ልቀቁት። የምትበሉት ከሆነ ከታረደ በኋላ ይወጣል። ስትይዙት ግን ተጠንቀቁ፤ በሁለቱ ጎን ክንፎቹ ፊት ጠንካራ እሾህ አለው። ከክንፎቹ ኋላ በኩል በጣቶቻችሁ ቆልፋችሁ ያዙት። በእርጥብ ጨርቅ ከሆነ ይሻላል። ከወጋችሁ ቁስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቡ፤ ካበጠ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የተረፈውን ትል ውሃ ውስጥ አትድፉት። ሕያው ከሆነ ወደ ማሰሮው ይመለስ፤ የሞተውን ለዶሮ ስጡት።